ፀሐይ የተከለችው ችካል

ደሴ፣ ጠዋት

ቅዳሜ ጠዋት ከደሴ የተነሣሁት አንድ ችካል ለማስነቀል ነው። ችካሉ የተተከለው አምባሰል ውስጥ፣ ጎሮ ሜዳ በምትባለው የትውልድ መንደሬ፣ ጥልቅ የውሃ ጉድጓድ የሚቆፈርበትን ቦታ ለማመልከት ነበር። መቆፈሪያው መኪና በሚመጣው ሳምንት ይደርሳል ተብሏል። የሚቆፈረው አንድ ጉድጓድ ብቻ ነው። ደረቅ ከወጣ መኪናው ወደ ሌላ ቦታ ይሄዳል፤ ለጎሮ ሜዳ ሁለተኛ ተራ መቼ እንደሚደርሳት አላህ ይወቅ። እኔ ደግሞ ያን ችካል የተከለው ቦታውን የለካው መሐንዲስ ሳይሆን ፀሐይ ናት ብዬ ጠርጥሬ ነበር።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። ደሴ ውስጥ ፊዚክስ አስተምራለሁ። አንደኛ ክፍል የገባሁት እኩዮቼ በሚዳሩበት ዕድሜ ነው፤ ያዘገየኝም ውሃ ነው። ከጎሮ ሜዳ ወደ ምንጩ ወርዶ መውጣት የአንዲት ልጅን ጠዋት ሙሉ ይበላል። ልጅቷ ስትመለስ ደወሉ ተደውሎ፣ ትምህርቱም ተጀምሮ አልፏል። ዘግይቼ ስለጀመርኩ ይሁን ተፈጥሮዬ ሆኖ፣ ያወቅሁትን ነገር በዓይኔ ካላየሁት አላምንም። ስለዚህ ቤተ ሙከራችን ጥግ ላይ አንዲት ትንሽ ማግኔት በሐር ክር አንጠልጥዬ፣ የመስተዋት ስባሪ ለጥፌባት፣ ነፋስ እንዳይነካት በማር ብርጭቆ ውስጥ አስቀምጫታለሁ። በመስተዋቱ ላይ የሚያርፈው የመብራት ጨረር ተመልሶ ከማዶው ግድግዳ ላይ አንዲት የብርሃን ነጥብ ይሠራል። የምድር መግነጢስ ጸጥ ካለ ነጥቧም ጸጥ ትላለች። ተማሪዎቼ «የቲቸር ኮከብ» ይሏታል።

ባለፈው ግንቦት፣ አንድ ሰኞ፣ ነጥቧ ከስፍራዋ ሄደች። ተማሪ ጠረጴዛውን የነካ መስሎኝ ሁሉንም አስወጥቼ በሩን ዘጋሁ። ትንፋሼን ውጬ ቆምኩ። ነጥቧ ቀስ ብላ ተንሸራተተች፣ ተመለሰች፣ ደግማ ተንሸራተተች። በክፍሉ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር አልነበረም። ከአንዲት የጤፍ ቅንጣት ብዙም ርቃ የማታውቅ ነጥብ የጣት ስፋት ያህል ስትሄድ ሳይ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። በማግስቱ ከዜና እንደሰማሁት፣ ፀሐይ ትልቅ የጋለ ደመና ወደ ምድር ወርውራ የመግነጢስ ማዕበል ተነሥቷል። በሰሜኑ ዓለም ሌሊቱን ሰማይ ቀይና አረንጓዴ ሆኖ አድሯል፣ የአውሮፕላን ሬዲዮ ተቋርጧል፣ የኤሌክትሪክ ኃይል ሠራተኞችም ትራንስፎርመር እንዳይቃጠልባቸው ሲጠብቁ አድረዋል።

በዚያው ሰኞ ማታ የወንድሜ ልጅ ዘይነባ ደውላ «አክስቴ፣ ቦታው ተገኘልን፤ ችካል ተተክሏል፣ ነገ ዱአ እናደርጋለን» አለችኝ። ዘይነባ ብዙ ዓመት ጅዳ በሰው ቤት ሠርታ የተመለሰች ናት። ለጉድጓዱ ማስቆፈሪያ እዚያ የቀሩትን ጓደኞቿን ያስተባበረች፣ መንደሩንም ቤት ለቤት ዞራ ያሳመነች እሷ ናት። ደስታዋ ደስታዬ ሆነና ሁለቱን ነገር አላገናኘሁም።

ያገናኘሁት ባለፈው ሐሙስ ነው። ስለ መኪናው መምጣት ስታወራልኝ ቦታውን በምን እንዳገኙት ጠየቅኋት። «ማግኔት የሚለካ ነገር ተሸክመው ሲመላለሱ ውለው ነዋ» አለች። ነጥቧ ከስፍራዋ የሄደችበት ሰኞ ትዝ አለኝ።

ሐይቅ

ሚኒባሱ ከመናኸሪያ የወጣው ጢም ብሎ ሞልቶ ነው፤ ረዳቱ ግን ጢጣ ላይ ሌላ ሰው ጨመረበት። ከታሪፉ በላይ ሲጠይቃቸው አጠገቤ የተቀመጡ እናት ተቆጡ። «አንተ ልጅ፣ እኔ እኮ ሐይቅ ወራጅ ነኝ። ወልዲያ ልታደርሰኝ አስበህ ከሆነ ንገረኝ፣ ስንቅ ልያዝ» አሉት። ሰው ሁሉ ሳቀ፣ ረዳቱም የራሱን ድርሻ ሳቀ፤ የጠየቀውን ግን አልቀነሰም። በዚህ ጊዜ መንገዱ ክፍት ሆኖ ማደሩ ራሱ እንደ ውለታ ይቆጠራል። ግራና ቀኙ የታረሰ ማሳ ነው፤ ዝናብ ይጠብቃል። እኔ ለመሐንዲሱ የምናገረውን በልቤ እየደገምኩ ነበርና ሐይቁን ያየሁት ከተማዋ ከገባን በኋላ ነው።

መሐንዲሱ ብንያም ይባላል። ከአዲስ አበባ የመጣ ወጣት ነው፤ በአካባቢው ላሉት ሥራዎች ሁሉ ማረፊያው ሐይቅ ከተማ ነው። ዘይነባ በሰጠችኝ ስልክ ደውዬለት ዓሣ ቤት ጠበቀኝ። የተጠበሰ ቆሮሶ ይበላ ነበር። ተነሥቶ ወንበር ሳበልኝ፤ ለእኔም ዓሣ አዘዘ። እኔ ብዙ የማወራ ሰው አይደለሁም፤ ያጠናሁትን አንድ ጊዜ ዘረገፍኩት። ስለ ነጥቧ፣ ስለ ሰኞው፣ ስለ ማዕበሉ ነገርኩት። የለካችሁት ድንጋዩን ሳይሆን የፀሐይን ቁጣ ነው አልኩት።

ሳያቋርጠኝ ሰማኝ። ከዚያ በትሕትና «መምህርት፣ ማዕበሉን እኛም እናውቀዋለን። ለእሱ ብለን ነው ሁለት መሣሪያ ይዘን የምንዞረው» አለ።

የዓሣውን አከርካሪ ከሳህኑ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አጋደመና በእሱ ያስረዳኝ ጀመር። አንዱን መሣሪያ ተሸክመው፣ ቀጥ ያለ መስመር ይዘው፣ በየእርምጃው እየቆሙ ይለካሉ። ከመሬት በታች ጠባብ የጥቁር ድንጋይ ግድግዳ ካለ፣ መሣሪያው በላዩ ሲያልፍ ቁጥሩ ወርዶ ይወጣል። እንዲህ ያለው ግድግዳ የከርሰ ምድር ውሃን እንደ ግድብ ያቆማል፤ የሚቆፈረውም እሱን ተጠግቶ ነው። ሁለተኛው መሣሪያ ደግሞ አንድ ቦታ ተተክሎ ይውላል። እሱ ስለማይንቀሳቀስ የሚያሳየው ለውጥ ሁሉ ከሰማይ የመጣ ነው። ማታ የቆመው ያየውን ተሸክመው ከለኩት ላይ ይቀንሱታል። የሚቀረው የድንጋዩ ብቻ ነው።

አፈርኩ። ይህን ያህል መንገድ መጥቼ፣ ሥራው ለሆነ ሰው ሥራውን ላስተምር ነበር። ዓሣዬን ጨርሼ ልነሣ ስል ግን አንድ ጥያቄ ቀረኝ።

«የቆመው መሣሪያ የዚያን ሰኞ ምን አሳየ?»

ብንያም አከርካሪውን ወደ ሳህኑ መለሰ። «የዚያን ቀን አበደ» አለ።

ጠዋት ደህና ነበር አለኝ። ከዚያ ቁጥሩ ድንገት ዘለለ፣ ተዘበራረቀ፣ አስር ሰዓት አካባቢ ደግሞ ምንም እንዳልነካው ሰው ተረጋጋ። ማዕበል እንደዚያ አያደርግም። ማዕበል የሚያናውጠው ከሙሉው ቁጥር ላይ ጥቂቱን ነው፤ ይህ ግን የብረት መጋዘን ውስጥ የገባ ነበር የሚመስለው። መሣሪያው ተበላሽቷል ብለው ለምርመራ ላኩት፤ ምንም የለበትም ተብሎ ተመለሰ።

«ታዲያ ምኑን ቀነስክ?» አልኩት።

«የዋዜማውን። እሑድ ሌላ መንደር ስንለካ የታየውን የቀን ለውጥ ወስጄ ቀነስኩ። ሰማዩ እንደ ትናንቱ ነው ብዬ።»

እሑድ ጸጥ ያለ ቀን ነበር። ሰኞ ግን አልነበረም። እኛ ያለንበት አገር ደግሞ የምድር መግነጢስ ወገብ የሚያልፍበት ነው፤ ቀን ቀን ከራሳችን በላይ፣ ከአየሩ ጫፍ ላይ፣ እንደ ወንዝ የሚሄድ የኤሌክትሪክ ጅረት አለ። ማዕበል ሲነሣ መጀመሪያ የሚደፈርሰው እሱ ነው። ብንያም ይህን ከእኔ በተሻለ ያውቃል፤ ፊቱ ሲለወጥ አየሁት።

«ነገ እመጣለሁ» አለ። «ሁለቱንም መሣሪያ ይዤ። ከተሳሳትኩ ከመቆፈሪያው በፊት ልወቀው።»

ከውጫሌ ወደ ላይ

እኔ ቀድሜው ሄድኩ። ከሐይቅ ውጫሌ በሌላ ሚኒባስ፣ ከውጫሌ ደግሞ በባጃጅ። ባለባጃጁ ባዶ ጀሪካኖች ከኋላ አሥሮ ነበር፤ ሲሄድ እንደ ከበሮ ይጮሃሉ። ከማዶ የግሸን ተራራ ጫፉን ደመና ሸፍኖት ቆሟል። የት ልውሰድሽ ሲለኝ ጎሮ ሜዳ አልኩት። «ጉድጓዱን ልታይ?» አለ። ወሬው እሱ ጋ ደርሷል። ሰው እየሄደ ችካሉን ነክቶ እንደሚመለስ ነገረኝ። «እኔም ነክቼዋለሁ፤ ከነካሁት ወዲህ ወላሂ ጎማ አልፈነዳብኝም» አለ። ሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅ ነበር።

ባጃጁ ከማይደፍረው ዳገት ሥር ወርጄ በእግር ወጣሁ። ችካሉ ከመንደሩ በላይ፣ እርከኑ ላይ ቆሟል። አረንጓዴ ጨርቅ ታሥሮበት፣ ዙሪያውን ድንጋይ ተደርድሮለታል። የሴቶች ሰንደል ጫማ ዱካ ከብቦታል። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ቀኑን በሰላም ውሎ ድንገት እባብ እንዳየ ሰው ደነገጥኩ።

ወንድሜ ሰይድ በሩ ላይ ተቀበለኝ። ታላቄ ነው፤ እስከ ዛሬ ወንድም ጋሼ ነው የምለው። የእሱ ሰላምታ በመንደሩ የታወቀ ነው። ጤናዬን፣ ጎረቤቶቼን፣ ያከራዩኝን ሴትዮ፣ የሴትዮዋን ላም፣ የደሴን ብርድ፣ ተማሪዎቼን በጅምላ ጠይቆ እስኪጨርስ ለሌላ ነገር ቦታ የለም። ሞት እንኳ ቢሆን ተራውን ይጠብቃል። እኔም ጠበቅሁ። ከዚያ የመጣሁበትን ነገርኩት፤ ዘይነባም ቆማ ሰማች።

አልጮኸችም። ሻርፗን ከራሷ ላይ አስተካከለች፣ ደግማ አስተካከለች። «አክስቴ፣ ዱአ ተደርጎበታል» አለች። «ጅዳ ያሉት ልጆች የችካሉን ፎቶ ስልካቸው ላይ ለጥፈውታል። እኔ አሁን ማንን ምን ልበል? ፀሐይ ነች የተከለችው ልበል?»

ለወንድሜ ደግሞ ነገሩ አልተዋጠለትም። «ፀሐይ እዚያ ሆና እዚህ ድረስ ምን አገባት?» አለ። ግድግዳዬ ላይ ካለችው ነጥብ ጀምሬ እንደምችለው አስረዳሁት። ምድር ራሷ ማግኔት መሆኗን፣ ፀሐይ የምትወረውረው ደመና በሁለት በሦስት ቀን ደርሶ እንደሚያናውጣት፣ እኛ በሥጋችን ምንም ሳይሰማን የሽቦው፣ የሬዲዮው፣ የመሣሪያው ዓለም ሁሉ እንደሚናጥ ነገርኩት። «ሱብሃነላህ» ብሎ ወደ ደጅ ወጥቶ ፀሐይዋን አየት አደረጋት፤ ልክ ስለ አንድ የታወቀ ጎረቤት መጥፎ ወሬ እንደሰማ ሰው።

የእንግዳው ዕቃ

በማግስቱ ብንያም ሲደርስ ወንድሜ ሳይበላ አይሠራም አለ። ይህን ትእዛዝ ብንያም ካለፈው ያውቀዋል፤ ተቀመጠ። የማሽላና የጤፍ ቅይጥ እንጀራ በምስር ወጥ፣ ከአጠገቡ እርጎ ቀረበ። ብንያም እየበላ የመጀመሪያውን ቀን ውሎ ከራሱ ጋር እንደሚነጋገር ሰው ይቆጥር ጀመር። «መሣሪያውን ከቤቱ በታች፣ ሜዳው ላይ ተከልነው። ወደ ላይ ወጣን። አስር ሰዓት ላይ ስንመለስ እዚያው ቆሞ ነበር።»

ወንድሜ እንጀራውን እየጠቀለለለት «እንዴታ፤ መልሼ አቁሜው ነዋ» አለ።

ብንያም ማኘኩን አቆመ። «መልሰው?»

«አንተ ልጅ፣ ዕቃህን ሜዳ ላይ ጥለህልኝ ሄድክ። ፀሐይዋ ያን ቀን ድንጋይ ትሰነጥቅ ነበር። ባለቤት ሆኜ የእንግዳ ዕቃ ሲጠበስ እያየሁ ልቀመጥ? ተሸክሜ አገባሁት። መሬት ማስቀመጡ ነውር ሆኖብኝ ከአልጋው ላይ አጋደምኩት። ጋቢ ጣል አደረግሁበት። ፀሐይዋ ስትበርድ ወደ ቦታው መለስኩት። እንዳትሳቀቁ ብዬ ነው ያልነገርኳችሁ።»

አልጋው ዘይነባ የገዛችላቸው የብረት አልጋ ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። እኔ፣ ዘይነባና ብንያም ወደ ጣሪያው፣ ከዚያ በተከፈተው የጓዳ በር ወደ አልጋው ተመለከትን። «የብረት መጋዘን» ያለው ብንያም አልተሳሳተም።

እኔ በሕይወቴ እንደዚያች ቅጽበት ክው ያልኩበት ጊዜ ጥቂት ነው። ከደሴ ድረስ ፀሐይን ስከስ መጥቼ፣ ተባባሪዋ እጄን ይዞ ያሳደገኝ ሰው ሆኖ ተገኘ። ማዕበሉ ብቻውን ቢሆን የቆመው መሣሪያ ይይዘው ነበር። ወንድሜም በሌላ ቀን ዕቃውን ቢያስጠልል የዋዜማው ቁጥር በበቃ ነበር። ሁለቱ በአንድ ሰኞ ተገናኙ።

ብንያም ቀስ ብሎ፣ አንድም ቃል ሳያከብድ፣ አስረዳው። ወንድሜ ሁሉን ሰምቶ እጁን ከማዕዱ ሰበሰበ። «እንግዲያ የዕቃው ሥራ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ፣ ፀሐይ ያደረገችውን መናገር ነበር» አለ። «እኔ ደግሞ ምስክሩን አስተኛሁት።»

ዘይነባ ተነሥታ ወጣች። ከኋላዋ ወጣሁ። አጥሩ ጥግ ቆማ ታለቅሳለች ብዬ ነበር፤ ሳቅ ነው ያፈናት። ሳቁ አልቆ ግን ፊቷ ከሰል መሰለ። «ይህን ለሰው ካልተናገረ ችካሉ አይነቀልም» አለች። «ከተናገረም መሳቂያ ይሆናል። አባቴ ነው እኮ፣ አክስቴ።»

መስመሩ

እሱን የሚያስገድደው አልነበረም። ከዙሁር ሶላት በኋላ ሰዉ ከመስጊድ ሲወጣ ራሱ አስቆማቸው። የሆነውን ሳይቀንስ ተናገረ፤ ጋቢውን ሳይቀር። ዱአ የተደረገበት ችካል እንዴት ይነቀላል የሚል ጉምጉምታም ተነሣ። ያኔ ወንድሜ «ዱአ ያደረግነው ለውሃው ነው፣ ለእንጨቱ አይደለም» አለ። ከዚያ በኋላ ተረቡ ወረደበት። አንዱ አዛውንት «ሰይድ፣ አልጋ ላይ ካጋደምከው አይቀር ምነው ትንሽ ገንፎ ብታበላው» አሉት። ሌላው መቆፈሪያው መኪና ሲመጣ እንዳይሸከመው ዘብ ይቁምለት አለ። ወንድሜ አብሮ ሳቀ። ጆሮው ግን እስከ ጫፉ ቀልቶ ነበር።

ልኬቱ እንደገና ተጀመረ። የሚለካው ሰው ብረት በገላው ላይ መያዝ የለበትም። ብንያም ስልኩን፣ ቁልፉን፣ ሰዓቱን አራግፎ በመጨረሻ ቀበቶውን ፈታ፤ ሱሪውን በሲባጎ አሠረ። ሴቶቹ አፋቸውን በሻርፓቸው ይዘው ዞሩ። አንዷ ግን «ይህ ልጅ ውሃ ሳያገኝ ሱሪው ይወልቅበታል» ስትል ጮክ ብላ ነው።

የቆመው መሣሪያ ሜዳው ላይ፣ ፀሐይ ላይ ተተከለ። ወንድሜ ራሱ ከሩቁ ሊጠብቀው ተቀመጠ። ዣንጥላ ሲዘረጋ ብንያም ከእርከኑ ላይ እየጮኸ የዣንጥላውም ዘንግ ብረት መሆኑን ነገረው። ወንድሜ ዣንጥላውን አጥፎ ወደ ቤት አስወሰደና ፎጣውን ራሱ ላይ ጣለ። ፍየል ሲጠጋ በድንጋይ ያባርራል። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ እንዲህ ሆኖ ዋለ። እንግዳው ፀሐይ ላይ፣ ባለቤቱም ፀሐይ ላይ።

እኔና ዘይነባ ከብንያም ኋላ ሄድን። ቁጥሩን ጮክ ብሎ ይናገራል። የሁላችንም ዓይን ችካሉ ላይ ነበር። ወደ እሱ ሲጠጋ ቁጥሩ አልወረደም። አጠገቡ ቆመ፤ አልወረደም። አልፎት ሄደ፤ ያው ነው። ያን ሰኞ እዚያ እርከን ላይ ወርዶ የወጣው ድንጋዩ አልነበረም። ሰማዩ ነበር።

ጠርጥሬው የመጣሁት ነገር ነው፤ ልክ መሆኔ ግን ደስ አላሰኘኝም። ከዚህ ሆነን የሳንቲም ያህል የምናያት ፀሐይ እጇን ዘርግታ፣ አንድ እርከን መርጣ፣ የአንድ መንደር ተስፋ ደረቅ መሬት ላይ ተክላ ነበር። እኔም ሐሙስ ዕለት ያቺን ጥያቄ ባልጠይቅ ኖሮ መኪናው መጥቶ ይቆፍረው ነበር። ዘይነባ ጨርቁን ከችካሉ ላይ ፈታች። ችካሉን ግን መንቀል አልቻለችም፤ ብንያም ነቀለላት።

ከዚያ መስመሩን ወደ ታች አስረዘመው። ማሳውን አለፍን፤ ምንም። አጥሩን አለፍን፤ ምንም። ሴቶቹ መሳቅ ትተዋል። ወደ ምንጩ የሚወርደውን መንገድ ስንሻገር የብንያም ድምፅ ተለወጠ። አንድ ቁጥር ተናገረ፣ ቆመ፣ ደግሞ ለካ። ወርዷል። ጥቂት ሄደ፤ ይበልጥ ወረደ። ከዚያ ወጣ። ወደ ኋላ ተመልሶ ደጋግሞ ለካው፤ በየጊዜው እዚያው ወርዶ እዚያው ይወጣል። ከታች ከሜዳው የቆመው መሣሪያ እንዳልተነካ፣ ቁጥሩም እንዳልተናወጠ ማረጋገጫው ሲመጣ፣ ብንያም መሬቱን በእግሩ ነካ አድርጎ «እዚህ ነው» አለ። ግድግዳው መኖሩን እንጂ ውሃው መኖሩን እንደማይምልልን ግን አስጠነቀቀን።

ቦታውን አየሁት። ማረፊያው ነው። ከምንጩ ስንወጣ እንስራችንን የምናወርድበት፣ ወገባችንን የምናሳርፍበት ጠፍጣፋ ድንጋይ። አንደኛ ክፍል ሳልገባ ያለፉኝ ጠዋቶች በሙሉ እዚያ ድንጋይ ላይ አርፈዋል። ከሩቅ የቀዳሁትን ውሃ ያወረድኩት፣ ምናልባት፣ ውሃ ላይ ነበር። ዘይነባ አጠገቤ ቆማ «እኔም እዚሁ ነበር የማርፈው» አለች።

መልስ

ሰኞ ጠዋት ከብንያም ጋር ሐይቅ ድረስ፣ ከዚያ በሚኒባስ ደሴ ገባሁ። ቤተ ሙከራውን ከፍቼ መጀመሪያ ያየሁት ግድግዳውን ነው፤ ነጥቧ በቦታዋ ነበረች። አሁን ሳያት እንደ በፊቱ አልሆንም። ድሮ መጽሐፍ ያስተማረኝን የምታረጋግጥልኝ ዕቃ ነበረች። ከጎሮ ሜዳ ወዲህ ግን፣ ፀሐይ ከምናውቀው በላይ ቅርባችን እንደሆነች፣ አንድ ደግ ሰው እንኳ ሳያውቅ ሥራዋን ሊያግዛት እንደሚችል አውቃለሁ። ለመጠርጠር የተዘጋጀሁት ሰማዩን ብቻ ነበር፤ የረሳሁት የቤታችንን ልማድ ነው። ብንያምም መሣሪያ ተክሎ ሲሄድ ባለቤቱን ቁጭ አድርጎ እንደሚያስረዳ ነግሮኛል።

መኪናው ደርሶ መቆፈር ከጀመረ በኋላ ቀናት አለፉ። ልደውል ስልኩን አነሣለሁ፣ መልሼ አስቀምጠዋለሁ። በመጨረሻ ወንድሜ ራሱ ደወለ።

ጤናዬን ጠየቀ። ጎረቤቶቼን ጠየቀ። ያከራዩኝን ሴትዮ፣ ላሟን፣ ብርዱን፣ ተማሪዎቹን ጠየቀ። ላቋርጠው ፈልጌ ልማዴ ከለከለኝ። ሁሉንም ጨርሶ ሊናገር ነው ስል፣ አንድ አዲስ ሰው ጨመረ።

«ፀሐይስ? ደህና ናት? ያቺ ነጥብሽ ቆማለች?»

ዞሬ ግድግዳውን አየሁ። «ቆማለች፣ ወንድም ጋሼ።»

«አልሐምዱሊላህ። ውሃውማ ከትናንት ጀምሮ እየወጣ ነው። ገና አልጠራም፣ ጭቃ ነው፤ ግን አይቆምም። ዘይነባ ማረፊያው ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች፤ ማንም አያናግራት ብያለሁ።»

ዓይኔን በነጠላዬ ጠረግሁ። ትንሽ ጠበቀኝ፤ የማለቅስ መሰለውና እንዳላፍር ብሎ መሰለኝ፣ ስንብቱን ራሱ ጀመረ። ለሴትዮዋ፣ ለጎረቤቶቼ፣ ለተማሪዎቼ ሰላም በይልኝ አለ።

«እሷንም» አለ ሊዘጋው ሲል፤ «ፀሐይንም ሰላም በይልኝ።»